ኮኮፒት ላይ ማጠጣትና መመገብ አንድ ሥራ ነው

(ባሕር ዳር ላይ፣ በበረንዳና በግቢ በባልዲና በአበባ ማሰሮ አትክልት ለሚያለሙ ሰዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ፤ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ።

ጎጃም መሐል ቆሞ አፈር ስለሌለው ተክል ማውራት ድፍረት ይጠይቃል። ከደጀን ተነሥታችሁ በማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርጋችሁ እዚህ ባሕር ዳር እስክትደርሱ አፈር የቸገረው ቀዬ አታዩም። ታዲያ ከህንድና ከስሪላንካ በመርከብ የሚመጣ የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ፣ ኮኮፒት የሚሉትን፣ ገዝቶ ቲማቲም መትከል ምን የሚሉት ነው? ቅድም ስንገባ አንድ አባት «ልጄ፣ አፈር አልቆ ነው?» ብለውኛል። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ከእሱው ልጀምር።

መሬት ያለው ሰው ኮኮፒት አያስፈልገውም። ጓሮ ካላችሁ ፍግና ብስባሽ ጨምሩበት፣ ገንዘባችሁን ለሌላ አውሉት። ነገሩ የሚለወጠው ተክሉ ባልዲ ውስጥ ሲገባ ነው። ቀዩ አፈራችን መሬት ላይ ሳለ ውኃውን ወደ ታች ያሳልፋል፤ ምስጡም ትሉም ሥሩም ይበሳሱታል። ያው አፈር ባለ 10 ሊትር የቀለም ባልዲ ውስጥ ሲገባ ግን በተጠጣ ቁጥር እየተጠቀጠቀ ይሄዳል። ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይጠጥራል፣ ከባልዲው ግድግዳ ይላቀቅና የምታፈሱት ውኃ በጎን በኩል ወርዶ በታች ይወጣል። መሐሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አፈር በጆንያ ተሸክሞ መውጣት አለ። ኮኮፒት እዚህ ላይ ነው የሚያዋጣው፤ ቀላል ነው፣ አይጠቀጠቅም፣ ውኃና አየር አብሮ ይይዛል። ለችግኝ ማፍያም ከዚህ የሚሻል ብዙ አላየሁም።

ግን አንድ ነገር የለውም፤ ምግብ። አፈር ሰነፍ ገበሬንም ቢሆን ለተወሰነ ጊዜ ይታገሣል፣ ከራሱ ያበላለታል። ኮኮፒት አይታገሥም። እናንተ በውኃው ውስጥ ያልሰጣችሁትን ተክሉ ከየትም አያገኘውም። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው። እዚህ ውስጥ «ዛሬ ላጠጣ፣ ማዳበሪያውን በሳምንቱ እሰጣለሁ» ብሎ ነገር አይሠራም። የምታጠጡት ውኃ ራሱ ምግቡን ይዞ መግባት አለበት፤ በየጊዜው፣ ቀጠን ብሎ፣ ከታች ጥቂት ተርፎ እስኪፈስ።

ከማጠጣቱ በፊት ግን ዕቃውን እንወቀው። በብዛት የሚመጣው ተጨምቆ 5 ኪሎ የሚመዝን ጡብ ሆኖ ነው። ሰፊ ገንዳ ውስጥ አስቀምጣችሁ ከ25 እስከ 30 ሊትር ውኃ ቀስ እያላችሁ ስታፈሱበት እየተንፏቀቀ ያብጣል፤ ሲጨርስ ከ60 እስከ 70 ሊትር ይሆናል። ስድስት የቀለም ባልዲ ይሞላል ማለት ነው። አሁን እፍኝ አድርጋችሁ ጭመቁት። የሚወርደው ውኃ ቡናማ ነው። ቀለሙ ብቻውን አይጎዳም፤ የሚጎዳው አብሮት ያለው የማይታየው ጨው ነው። የኮኮናት ልጣጩ ቃጫው እንዲላቀቅ ብዙ ጊዜ የሚዘፈዘፈው በባሕር ዳርቻ፣ ጨው በቀላቀለ ውኃ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ልጣጩ በተፈጥሮው ፖታሲየም ይበዛበታል። ስለዚህ ጡቡ ላይ «የታጠበ» የሚል ካልተጻፈ እናንተው እጠቡት። ክረምት ከሆነ የጣሪያ ውኃ አጠራቅማችሁ እጠቡበት፤ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጠጥ ውኃ ለዚህ ማፍሰስ ያሳዝናል።

መታጠብ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ላይ ነው። የኮኮፒቱ ብናኝ ላይ ንጥረ ነገር የሚያዝባቸው ቦታዎች አሉ። እነዚህን ቦታዎች እንደ ኪራይ ቤት አስቧቸው። ከፋብሪካ ሲመጣ ሶዲየምና ፖታሲየም ተከራይተውበታል። ካልሲየምና ማግኒዚየም ሲመጡ እነዚያን አስወጥተው ቤቱን ይይዛሉ። ችግሩ፣ ካልሲየሙን ለተክሉ ብላችሁ ስትሰጡ ኮኮፒቱ ይወስድባችኋል፤ ተክሉ ይራባል፣ እናንተ ደግሞ «ሰጥቼ ነበር» ትላላችሁ። መፍትሔው ተክሉ ከመግባቱ በፊት ቤቱን በካልሲየም ማስያዝ ነው። ለአንድ ባለ 5 ኪሎ ጡብ 100 ግራም ያህል ካልሲየም ናይትሬት በ30 ሊትር ውኃ አሟሙታችሁ፣ የታጠበውን ኮኮፒት አሳድሩበት፤ ጠዋት አጥሉትና አንድ ጊዜ ለቅለቅ አድርጉት። በቃ። ለአበባ እርሻ ግብዓት የሚሸጡ ሱቆች ካልሲየም ናይትሬቱን ያውቁታል። ስትገዙ ግን ከረጢቱን በደንብ እሰሩት፤ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በሐምሌ ክፍት ከተዋችሁት እዚያው ይቀልጣል።

አሁን ወደ ማጠጣቱ።

በአፈር የለመደ እጅ ኮኮፒት ላይ ይታለላል። የላዩ ቀለም ነጣ ሲል «ደርቋል» እንላለን። ኮኮፒት ላይ ግን ላዩ ነጥቶ፣ ሁለት ጣት ዝቅ ብላችሁ ስትነኩት እርጥብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓይናችሁን ተዉት፤ ባልዲውን አንሡት። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 10 ሊትር ኮኮፒት ደረቁን 700 ግራም ገደማ ይመዝናል። ጠግቦ ካጠለለ በኋላ ግን ከ6 ኪሎ በላይ ይሆናል። በኩሽና ሚዛን ወይም በሥጋ ሚዛን አንድ ጊዜ ጠግቦ እያለ መዝኑት፣ ቁጥሩን ባልዲው ላይ ጻፉ። ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሲጎድል አጠጡ። ከሳምንት በኋላ ሚዛኑም አያስፈልጋችሁ፣ ክንዳችሁ ይነግራችኋል።

ለምን አብዝተን አናደርቀውም? ኮኮፒት ቢደርቅም ውኃ መልሶ ይጠጣል፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ተክሉ ከሚወስደው ምግብ ይልቅ የሚወስደው ውኃ ሲበዛ፣ በባልዲው ውስጥ የቀረው ውኃ ይጠነክራል። ውኃው በግማሽ ሲቀንስ ጨዉ በእጥፍ ይወፍራል። ሥሩ ውኃ መሐል ቆሞ መጠጣት ያቅተዋል። ጠዋት የጠወለገ ተክል አይታችሁ፣ ጣታችሁን ስትከቱ እርጥብ ሆኖ ካገኛችሁት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። በዚያ ላይ ውኃ እንጨምርለት ብላችሁ ጠንከር ያለ ማዳበሪያ ብታፈሱበት አበቃለት።

ለዚህ ነው ከታች መፍሰስ አለበት የምለው። 2 ሊትር ስታጠጡ ከ1 እስከ 2 ብርጭቆ በታች ይውጣ፤ ከአሥር አንድ ወይም ሁለት እጅ ማለት ነው። ያ የሚወጣው ውኃ የተጠራቀመውን ጨው ይዞ ይሄዳል። «ማዳበሪያው ባከነ» የሚል ሰው አለ፤ አልባከነም። ከሥሩ በተቀመጠው ሳሕን ላይ እንዲቆም አትፍቀዱ እንጂ፣ አንሥታችሁ ግቢ ውስጥ ያለው ጌሾ ወይም ቡና ሥር ድፉት። እነሱ መሬት ላይ ስላሉ ይጠቀሙበታል።

አንዲት እህት ጥያቄ አንሥታለች፤ «ችግኜ ትንሽ ናት፣ ባልዲው ትልቅ ነው፣ እንዳልሽው እስኪፈስ ሳጠጣት ቢጫ ሆነች።» ልክ ነሽ እህቴ፣ ይሄን ቀድሜ መለየት ነበረብኝ። ሦስት ቅጠል ያላት ችግኝ ከ5 ሊትር በላይ ውኃ የያዘ ባልዲ በሳምንትም አትጨርስም። ሥሯ አየር ያጣል። ችግኝን በትንሽ ዕቃ ጀምሪያት፣ በቆረጥሽው የውኃ ላስቲክ ጠርሙስም ቢሆን፤ ሥሯ ዕቃውን ሲሞላው አዛውሪያት። ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገብታ ከሆነ በዙሪያዋ ብቻ በኩባያ አጠጪ። ተክሉ ካደገ በኋላ ግን ኮኮፒትን በውኃ ብዛት መግደል ያስቸግራል፤ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በጥማት ነው። እዚህ ባሕር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት አንድ የደረሰ ቲማቲም በቀን ሁለት ጊዜ ይጠጣል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አድርጉት። ሲመሽ አጠጥቶ ላዩን እንደረጠበ ማሳደር ትንኝ ይጠራል፤ ላዩም አረንጓዴ ሽበት ያወጣል።

ምግቡ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ልቆይ።

ገበሬ ሁሉ ቤቱ ያለው ዩሪያና ኤንፒኤስ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጂን ነው፣ ሌላ የለውም። ኤንፒኤስ 19-38-7 ነው፤ ናይትሮጂን፣ ፎስፎረስና ሰልፈር። ሁለቱም ለማሳ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱን ደባልቃችሁ ኮኮፒት ላይ ብትሰጡ ካልሲየም የለም፣ ማግኒዚየም የለም፣ ብረት የለም፣ ዚንክ የለም። ማሳው ላይ እነዚህን አፈሩ ያዋጣል። ባልዲው ውስጥ ማን ያዋጣል? ዩሪያው ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በማሳ ውስጥ ጥቃቅን ሕዋሳት ወደ አሞኒየምና ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ኮኮፒት ውስጥ እነዚህ ሕዋሳት ገና አልበዙም፤ ከመለወጡ በፊት ከፊሉ ከሚፈሰው ውኃ ጋር ይወጣል። የተለወጠውም አሞኒየም ሲበዛ ካልሲየም ወደ ተክሉ እንዳይገባ ይጋፋዋል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ውኃ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ የሚሟሟ፣ ጥቃቅን ንጥረ ነገር ያለበት ማዳበሪያ ነው፤ 20-20-20 ወይም 19-19-19 (ናይትሮጂን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም) ተብሎ የሚሸጠው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 5 ግራም ገደማ ይይዛል። ለ20 ሊትር ጄሪካን አራት የሻይ ማንኪያ ስታደርጉ በሊትር 1 ግራም ይሆናል። ለጎመን፣ ለሰላጣ፣ ለበሶብላ ይበቃል። ለችግኝ ግማሹን። ፍሬ ለያዘ ቲማቲምና ቃሪያ አንድ ተኩል እጥፍ። እዚያው ጄሪካን ውስጥ ሁለት ማንኪያ ማግኒዚየም ሰልፌት ጨምሩበት። ሁለት ጊዜ ይሄንን ካጠጣችሁ በሦስተኛው ጄሪካን በሊትር 1 ግራም ካልሲየም ናይትሬት ብቻውን ስጡ።

«ለምን ሁሉንም አንድ ላይ አናደርገውም?» አላችሁ። ካልሲየም ናይትሬትና ማግኒዚየም ሰልፌት በጥቂት ውኃ ውስጥ፣ ለምሳሌ በአንድ ጆግ ውስጥ፣ ስታሟሟቸው ካልሲየሙ ከሰልፌቱ ጋር ተያይዞ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይቀመጣል። ያ ዝቃጭ ጀሶ ነው። ቤት የምትለስኑበት ያው ጀሶ። ፎስፎረስም ከካልሲየም ጋር እንዲሁ ይዘቅጣል። ገንዘባችሁ ጆጉ ሥር ቀረ ማለት ነው።

መለኪያ ስለ መግዛት ተጠይቄያለሁ። ፒኤች ሜትርና ኢሲ ሜትር፤ አንዱ የውኃውን ኮምጣጣነት፣ ሌላው የተሟሟውን ጨው ይለካል። ኮኮፒት ላይ ፒኤች ከ5.8 እስከ 6.2 ሲሆን ሁሉም ምግብ በደንብ ይገባል። ኢሲ ለችግኝ ከ0.6 እስከ 1፣ ለቅጠላ ቅጠል ከ1.2 እስከ 1.6፣ ለፍሬ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሲመንስ። አሥር ባልዲ ያለው ሰው ጎረቤቱን አስተባብሮ በጋራ አንድ ኢሲ ሜትር ቢገዛ አይቆጭም። የምትሰጡትን ብቻ ሳይሆን ከታች የሚወጣውንም ለኩ። የገባው 1.5 ሆኖ የወጣው 3 ከሆነ ጨው እየተጠራቀመ ነው፤ ብዙ አጠጡና ይታጠብ። ለማጠብም ቢሆን ባዶ ውኃ ብቻ አትጠቀሙ፤ ቀጠን ያለ ምግብ ይኑርበት፤ ያለዚያ ያስያዝነው ካልሲየም ቀስ በቀስ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኢሲ ሜትር ዩሪያን አያይም። ዩሪያ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ መለኪያው ባዶ ውኃ የከተታችሁበት ያህል ያሳያል። «ገና ዝቅ ይላል» ብሎ ማንኪያ በማንኪያ ላይ የጨመረ ሰው ተክሉን ያቃጥላል። ከ20-20-20 አንዳንዱም ናይትሮጂኑ በብዛት ከዩሪያ የመጣ ነው፤ ከረጢቱ ጀርባ ላይ ስለሚጻፍ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት። ናይትሬቱ የሚበዛውን ምረጡ።

አንዲት እናት ደግሞ «አመድ ብናደርግበትስ?» ብለውኛል። እማዬ፣ ለጓሮ ጎመን ያደርጉት ከነበረ አይተዉት። በአዊና በሜጫ በኩል አፈሩ እየኮመጠጠ ገበሬው ኖራ እየበተነ ነው፤ አመድም ለዚያ ያግዛል። ኮኮፒት ግን ኮምጣጣነቱ ለተክል የሚስማማ ሆኖ ነው የሚመጣው። አመድ ፒኤቹን ወደ ላይ ይሰቅለዋል፤ በዚያ ላይ የሚጨምረው ፖታሲየም ነው፤ እሱ ደግሞ መጀመሪያውኑ ሞልቷል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሲሆን ካዩ ብረት አልገባውም ማለት ነው፤ አመድ ይሄንን ያመጣል። ፒኤች ለማውረድ ሎሚ የሚጨምቅ ሰውም አለ። ውኃውን ያወርደዋል፣ ግን ውስጥ ያሉ ሕዋሳት የሎሚውን አሲድ ይበሉትና ተመልሶ ይወጣል። እየለኩ በየጊዜው መስጠት ከተቻለ አልቃወምም።

ቅጠል ስለ ማንበብ ከተነሣ፤ ቢጫው ከታች ባሉት አሮጌ ቅጠሎች ደም ሥሮች መሐል ከጀመረ ማግኒዚየም ነው። የሰላጣው መሐል ቅጠል ጫፍ ቡናማ ሆኖ ከተቃጠለ፣ ወይም ቲማቲሙ ፍሬ ከታች በኩል ጠቁሮ ከሰመጠ ካልሲየም ነው። እሱ ግን ሁልጊዜ ካልሲየም አነሰ ማለት አይደለም፤ ካልሲየም የሚጓዘው ከውኃ ጋር ብቻ ስለሆነ አንድ ቀን አድርቃችሁ በማግሥቱ ብታጥለቀልቁት ያው ይመጣል። ማርቆስና ከዚያ በላይ ወደ ጮቄ በኩል ያላችሁ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ የቅጠሉ ጀርባ ወይን ጠጅ ሲሆን አትደንግጡ። ሌሊቱ ሲበርድ ሥሩ ፎስፎረስ መሳብ ያቅተዋል። ማዳበሪያ ከመጨመር ባልዲውን ከቀዝቃዛው ሲሚንቶ አንሥቶ እንጨት ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ማጠጣቱንም ፀሐይ ከሞቀች በኋላ አድርጉት።

ክረምት ሌላ ጉዳይ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ክፍት ቦታ ላይ ያለን ባልዲ ቀኑን ሙሉ ያጥበዋል፤ ዝናብ ደግሞ ካልሲየምም ማግኒዚየምም የለበትም። ኮኮፒት ናይትሬቱን በአንድ ሌሊት ሊያጣ ይችላል። ሰው ግን «ዝናብ ጠጥቷል» ብሎ ይተወዋል፤ በነሐሴ መጨረሻ ሁሉም ቢጫ ይሆናል። ከጣሪያ ሥር አስገቡት። ካልተቻለ ዝናቡ ሲያባራ፣ ባልዲው የረጠበ ቢሆንም እንኳ፣ ጥቂት ምግብ ያለው ውኃ ስጡት። ውኃ ስላልፈለገ ነው ብላችሁ ምግቡን አትከልክሉት።

የሚሟሟ ማዳበሪያ ለማያገኝ፣ ወይም ዋጋው ለከበደበት ሰው፣ አንድ መንገድ አለ። ከአምስት እጅ ኮኮፒት አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ቨርሚ ኮምፖስት (በትል የተሠራ ብስባሽ) ቀላቅሉ። ያኔ ነገሩ ወደ አፈር ጠባይ ይጠጋል፤ ሕዋሳቱም ይኖራሉ፣ ጥቃቅን ንጥረ ነገሩም አለ፣ በየማጠጣቱ መመገብም ግዴታ አይሆንም። ለጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለጤና አዳም፣ ለበሶብላ በቂ ነው። ለቲማቲም ግን ፍሬ ሲይዝ ይጎድለዋል። የፍግ ውኃ ዘፍዝፎ ማጠጣት የሚወድ አለ፤ እኔ አልመክርም። የከብት ፍግ ፖታሲየም ያበዛል፣ የዶሮው አሞኒያ ያበዛል፣ ሁለቱም የኮኮፒቱን ቀዳዳ ይደፍናሉ፤ ጎረቤትም በመጥፎ ሽታው ይማረራል።

የመጨረሻው ጥያቄ ኮኮፒቱን መልሶ ስለ መጠቀም ነው። ይቻላል። ከሁለት እስከ ሦስት ምርት ያገለግላል። የድሮውን ሥር አበጥራችሁ አውጡ፣ እጠቡት፣ ካልሲየሙን እንደገና አስይዙት። በበሽታ የሞተ ተክል የነበረበትን ግን አትመልሱት። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ በሽታቸውም ይወራረሳል፤ ቲማቲም የነበረበት ባልዲ ላይ ቀጥሎ ሰላጣ ወይም ጎመን ትከሉ። ደቅቆ ዱቄት ሲሆንና ውኃው ከላይ መቆም ሲጀምር ጊዜው አልፏል፤ ጓሮ ያለው ዘመድ ስጡት፣ ከብስባሹ ጋር ይቀላቅለው።